የደሴው የተማሪ ምሳ ቤት በካማራጅ ሚዛን

በደሴ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ሽቅብ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ዳር፣ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የሌለው አንድ ምግብ ቤት አለ። የሰፈሩ ሰው «የተማሪ ምሳ ቤት» ይለዋል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መጠሪያ አላገኘሁለትም። ቤቱ ቁርስም ራትም አያቀርብም። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ፣ ከኩታበር፣ ከአልብኮና ከደሴ ዙሪያ ገጠሮች መጥተው ክፍል ተከራይተው ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በወር ኮንትራት ምሳ ያበላል። የእህቴ የልጅ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ትመገባለች። ክፍያዋን የምከፍለው እኔ ስለሆንሁ፣ ጡረታ የወጣ መምህርም ጊዜ ስለማያጣ፣ በእነዚህ ሰባት ወራት ውስጥ ብዙ ቀን አብሬያት በልቻለሁ። ልጆቻቸውን ወደ ደሴ ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች ስለ ቤቱ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

ከምግቡ ልጀምር። ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ምስር ወጥ ከጎመን ጋር፣ ረቡዕ የአተር ክክ፣ ሐሙስ ድንችና ካሮት በአልጫ፣ ዓርብ ደግሞ እንደገና ሽሮ ይቀርባል። እንጀራው ጤፍ ከማሽላ የተቀላቀለ ነው፤ ጤፍ በተወደደ ቁጥር የማሽላው መጠን ከፍ እንደሚል ምላስ ይለየዋል፣ ሆኖም ሊጡ በሚገባ ስለሚቦካ ሆድ አይከብድም። ሽሮው ሽንኩርት ያልተቆጠበበት፣ ዘይቱ ግን የተቆጠበበት ነው፤ በዚህ ዋጋ ከዚህ በላይ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም። ለአንድ ተማሪ ሁለት እንጀራ ይቀርባል፤ ጭማሪ የጠየቀ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጠዋል። የወሩ ኮንትራት 1,400 ብር ሲሆን፣ በአቅራቢያው ባሉ ምግብ ቤቶች ለአንድ ሳህን ሽሮ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ይረክሳል። የአልጫው ቀን ደካማ ነው፤ ድንቹ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ይበስልና ይፈርሳል፣ ልጆቹም ሐሙስን አይወዱትም።

እንዲህ ባለ ቤት ላይ ስፈርድ ግን ዋናው መለኪያዬ ወጡ አይደለም። መለኪያዬን ያገኘሁት ከሃምሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ደሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ሒሳብ ካስተማሩኝ ሕንዳዊ መምህር ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን መምህራን እንደነበሩ የዕድሜ እኩዮቼ ያስታውሳሉ። የእኛው መምህር ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት ከማዱራይ ከተማ በስተደቡብ ባለች አንዲት የገጠር መንደር ሲያስተምሩ፣ ከጠመኔው ጋር የሩዝ መስፈሪያም በእጃቸው እንደነበር ይነግሩን ነበር። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለልጆቹ የተቀቀለ ሩዝ እየሰፈሩ ያድሉ የነበሩት፣ በጊዜው የማድራስ ግዛት ዋና ሚኒስትር የነበሩት ኩማራስዋሚ ካማራጅ ባስጀመሩት የትምህርት ቤት ምሳ ነው። ዋና ሚኒስትር ማለት በሕንድ የፌዴራል ሥርዓት የክልል ርዕሰ መስተዳድር እንደምንለው ያለ ሹመት ነው። እኛ ተማሪዎቹ ከየገጠሩ ድርቆሽ፣ ቆሎና በሶ በስልቻ ይዘን የመጣን፣ ስንቃችን ካለቀ በኋላ እስከ ቅዳሜ የምንቆጥር ልጆች ስለነበርን፣ የዚያን ሰው ስም እንደ ዘመድ ስም ያዝነው።

ካማራጅ እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1903 በደቡብ ሕንድ፣ ዛሬ ቪሩዱናጋር በምትባለው የንግድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት እሳቸው የስድስት ዓመት ልጅ ገደማ ሳሉ ነው። እናታቸው ጌጣቸውን ሸጠው ቤቱን ለማቆየት ቢሞክሩም፣ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርቱን ትቶ የአጎቱ ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ለመሥራት ተገደደ። የተወለዱበት የናዳር ማኅበረሰብ በዘር ደረጃ ዝቅ ተደርጎ ይታይ የነበረ፣ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ለረጅም ጊዜ የተከለከለ ነው። ያ ማኅበረሰብ ግን ካማራጅ የተማሩበትን ትምህርት ቤት ያቆመው በራሱ መዋጮ ነበር። ነጋዴዎቹ ከንግዳቸው ለጋራ ሣጥን ጥቂት ያዋጣሉ፤ በየቤቱ ያሉት ሴቶች ደግሞ ሩዝ ከመቀቀላቸው በፊት አንድ እፍኝ እየለዩ ለትምህርት ቤቱ ያስቀምጣሉ። ያ እፍኝ ሩዝ ተሰብስቦ ሲሸጥ የመምህራን ደመወዝና የልጆች መማሪያ ይሆናል። ኋላ ላይ አንድ ግዛት ሙሉ ያስተዳደሩትን ሰው ፊደል ያስቆጠራቸው የጎረቤት እፍኝ ነው ማለት ነው። መምህራችን ይህን ሲናገሩ እጃቸውን እፍኝ አድርገው ያሳዩን ነበር።

የደሴው ምሳ ቤት ላይ ዓይኔን ያሳረፈው መጀመሪያ ይኸው እፍኝ ነው። ከበሩ በስተግራ፣ እጅ መታጠቢያው አጠገብ፣ ክዳን ያለው ቁና ተቀምጧል። ሰኞ ሰኞ ከሰኞ ገበያ የሚመለሱ የሰፈሩ ሴቶች እግረ መንገዳቸውን ገብተው ከሸመቱት ምስር ወይም ክክ እፍኝ ሁለት እፍኝ ጨምረው ይሄዳሉ። ሲጨምሩ ማንም አያመሰግናቸውም፣ ማንም ስማቸውን አይጽፍም። ወይዘሮዋ፣ የቤቱ ባለቤት ማለቴ ነው፣ በዚህ እህልና አንዳንድ ነጋዴዎች በሚሰጡት ገንዘብ ኮንትራት መክፈል የማይችሉ ልጆችን ትመግባለች። በዚህ ሰሞን አሥራ አንድ ናቸው። ስለ ቪሩዱናጋር ሰምታ አታውቅም። «ከእናቴ ያየሁት ነው ጋሼ፤ ለመንገደኛ ሳታስቀምጥ ምጣድ አታወርድም ነበር» ነው ያለችኝ።

ወደ ካማራጅ ልመለስ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነጻነት ትግሉን ተቀላቅለው የኮንግረስ ፓርቲ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1930 የኮንግረሱ መሪ ራጃጎፓላቻሪ የእንግሊዞችን የጨው ሕግ በመቃወም የመሩት የቬዳራንያም የጨው ሰልፍ ተካፋይ በመሆናቸው ታሰሩ፤ ከዚያ በኋላም እየተፈቱ እየታሰሩ በጠቅላላው ከስምንት ዓመት በላይ በእንግሊዞች እስር ቤት አሳለፉ። በልጅነታቸው ያቋረጡትን ንባብ የቀጠሉት በእስር ቤት ነው። እስረኛ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1941 የትውልድ ከተማቸው ማዘጋጃ ቤት ሊቀ መንበር አድርጎ መረጣቸው፤ ሲፈቱ ግን ለሹመቱ በቂ ጊዜ መስጠት እንደማይችሉ ገልጸው ለቀቁ። ሊሠሩት የማይችሉትን ሥራ ስም ብቻ ይዘው መቀመጥ አለመፈለጋቸው ከዚያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የታየ ጠባያቸው ነው።

ወደ ዋና ሚኒስትርነት ያመጣቸውም የትምህርት ጉዳይ ነው። ራጃጎፓላቻሪ የማድራስ ዋና ሚኒስትር ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ የገጠር ልጆች በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ተምረው የቀረውን ጊዜ የአባታቸውን ሙያ በመልመድ እንዲያሳልፉ የሚል ዕቅድ አወጡ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ሸክላ ሠሪ፣ የጫማ ሰፊ ልጅ ጫማ ሰፊ ሆኖ እንዲቀር የሚያደርግ ነው ተብሎ ተቃውሞ ተነሣበት፤ ራጃጎፓላቻሪም ሥልጣን ለቀቁ። ካማራጅ እ.ኤ.አ. አፕሪል 13 ቀን 1954 ተተክተው ዕቅዱን ሠረዙት። ራሳቸውን ጨምረው ስምንት ሰዎች ብቻ ያሉበት ካቢኔ ሲያቋቁሙ ለመሪነቱ የተፎካከሯቸውን ሲ. ሱብራማኒያምን አስገቡ። የቤተ መቅደሶችን አስተዳደር ደግሞ «የማይነኩ» ተብለው ከሚገለሉት ወገን ለተወለዱት ለቢ. ፓራሜስዋራን ሰጡ። ወገኖቻቸው ከቤተ መቅደስ በር ላይ ይመለሱ የነበሩ ሰው የቤተ መቅደሶቹ ኃላፊ ሆኑ ማለት ነው፤ ካማራጅ ይህን ያደረጉት ያለ ብዙ ንግግር ነው። እንዲያውም ንግግር አይወዱም ነበር። ጉዳይ ለሚያቀርብላቸው ሰው የሚመልሱት በታሚል ቋንቋ «ፓርካላም» በሚል አንድ ቃል ነው፤ «እስቲ እናያለን» እንደማለት።

በታሚል አገር ተደጋግሞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ካማራጅ በገጠር ሲጓዙ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አግኝተው ለምን ትምህርት ቤት እንዳልሄደ ጠየቁት፤ ልጁም ከሄደ የሚበላ ይሰጡት እንደሆነ መልሶ ጠየቃቸው ይባላል። ታሪኩ እንዲህ ቃል በቃል ሆነም አልሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የትምህርት ቤቱ ምሳ ተጀመረ። ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የማድራስ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በ1920ዎቹ በራሱ ትምህርት ቤቶች ሞክሮት ነበር። የካማራጅ ድርሻ ከአንድ ከተማ አውጥተው የግዛቱ ሁሉ ማድረጋቸው ነው። የገንዘብ ሚዛን የያዙ ባለሥልጣናት ወጪው እንደማይቻል ሲነግሯቸው፣ በመጀመሪያ ከሕዝቡ መዋጮ ጀምረው፣ ሕዝቡ ማዋጣቱ ከታየ በኋላ የመንግሥትን ድርሻ በበጀት አስገቡ። ከምሳው ጋር የደንብ ልብስ ተጨመረ፤ የድሆች ልጆች ከትምህርት ክፍያ ነጻ ሆኑ፤ ትምህርት ቤት ባልነበራቸው መንደሮች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያው ዘመን የቫይጋይና የሳታኑር ግድቦች ተሠሩ፣ ኔይቬሊ የከሰል ማዕድን ሥራ ጀመረ፣ በጊንዲ የኢንዱስትሪ መንደር ተቋቋመ። ስለ ግድቦቹ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔን የሚገዛኝ ግን ሩዙ ነው።

መምህራችን ስለዚያ ምሳ ሲያወሩ ሁለት ነገር ይደጋግሙ ነበር። አንደኛው፣ ሩዙ ከልጁ በፊት መድረስ አለበት የሚለው ነው፤ ልጅ አንድ ቀን መጥቶ ባዶ ድስት ካየ፣ በማግስቱ ከብት ጥበቃ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ሁሉም ልጅ በአንድ ረድፍ ይቀመጥ የሚለው ነው። እሳቸው በነበሩበት መንደር አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸው ከዝቅተኛ ወገን ልጆች ጎን ተቀምጠው መብላታቸው ቅር ብሏቸው እንደነበር፣ እሳቸው ግን ረድፉን በመዝገብ ስም ቅደም ተከተል ብቻ ያስቀምጡ እንደነበር አጫውተውናል። እኔም የደሴውን ቤት የምመዝነው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ስለ ረድፉ፣ ምሳ ቤቱ በመጀመሪያ ተሳስቶ በኋላ ተስተካክሏል። መስከረም ላይ ለከፈሉ ተማሪዎች ነጭ ካርድ፣ በቁናው ለሚበሉት ደግሞ ቢጫ ካርድ ይሰጥ ነበር። ወይዘሮዋ ይህን ያደረገችው ሒሳብ እንዳይምታታባት እንጂ ልጅ ለማሳፈር አልነበረም። ይሁን እንጂ ጥቅምት ሳይጋመስ ቢጫ ካርድ ከያዙት አንዱ፣ ፊቱን እንኳ በደንብ የማላስታውሰው ጸጥተኛ ልጅ፣ መምጣቱን ተወ። ካርዱን ለጓደኞቹ ከማሳየት ጦሙን መዋል መርጦ እንደነበር ያወቅነው ቆይተን ነው። ወይዘሮዋ ይህን ስትሰማ በዚያው ቀን ካርዶቹን ሁሉ ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው፣ በሳምንቱም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ካርድ አሠራች። ማን ከፍሎ ማን ሳይከፍል እንደሚበላ አሁን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ልጁም ተመልሷል። ሰው ስሕተቱን በዚህ ፍጥነት ሲያርም ከትምህርት ቤት አስተዳደር ዘመኔ ጀምሮ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ሥጋ የማይቀርበውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቤት ይወለዳል፣ በአንድ ዕድር ይቀበራል፣ የሚለያየው ሥጋ ሲቀርብ ነው። በዚህ ቤት ሁልጊዜ የጾም ምግብ ስለሆነ ልጆቹ በአንድ ትሪ እንዳሻቸው ተቀላቅለው ይበላሉ። በረመዳን የሚጾሙ ተማሪዎች የከፈሉት ወደሚቀጥለው ወር ይዛወርላቸዋል፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙት ደግሞ ምግቡ ተሸፍኖ ይቆያቸዋል። ይህን ሳይ በከተማችን ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ትዝ ይለኛል። ስሙ እንደሚለው ማንንም የማይጸየፍ የግብር አዳራሽ ነበርና። ነገር ግን ግብር የጌታ ቸርነት ነው፤ ጌታው በፈቀደ ቀን ይበላል፣ ጌታው በዘመተ ቀን አዳራሹ ይዘጋል። ካማራጅ ያደረጉት ምሳን ከግብር ማውጣት ነው፤ ማንም ሳይጠራህ፣ ማንንም ሳታመሰግን፣ ተራ ማክሰኞ ቀን የሚጠብቅህ ሳህን ማድረግ።

ስለ ንጽሕናው አጭር ቃል ይበቃል። ወጥ ቤቱ ይጠረጋል፣ ዕቃው በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ እጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና ጠፍቶ አያውቅም። ውሃ በሚቋረጥባቸው ቀናት ከበርሜል ይቀዳል፤ በርሜሉ ክዳን እንዳለው አይቻለሁ። መቀመጫው ጠባብ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ከትምህርት ሲወጣና የከሰዓቱ ፈረቃ ሊገባ ሲል ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጨናነቅ አለ፣ አንዳንዱም ቆሞ ይበላል። ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ስለሚገባ መጋረጃ ቢደረግበት መልካም ነው።

ትልቁ ጉድለት የታየው ጥር ላይ ነው። ወይዘሮዋ ወንድሟ አርፎባት ወደ ወረኢሉ ሄደች፤ ቤቱም ስምንት የትምህርት ቀናት ተዘጋ። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው የሚወቅስ የለም፣ እኔም አልወቅስም፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄጄ ተቀምጫለሁ። ግን እነዚያን ስምንት ቀናት አስቧቸው። ቁልፉ ከእሷ ጋር ሄዷል፣ እህሉ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ረዳቷ ወጥ መሥራት ብትችልም የት ምን እንዳለ፣ ማን መብላት እንዳለበት አታውቅም። የእህቴ የልጅ ልጅ እኔ ስላለሁላት ቤቴ በላች። ሌሎቹ ቆሎ ቆረጠሙ። አንዱ፣ ከአልብኮ የመጣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ «ምሳ ቤቱ ሲከፈት ጥሩኝ» ብሎ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ሁለት ፈተና አመለጠው። መምህራችን የነገሩን ባዶ ድስት ይኸው ነበር።

በዚያ ሳምንት ስለ ካማራጅ ያሰብሁት ከዋና ሚኒስትርነታቸው ስለ መውጣታቸው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ካስተዳደሩና ፓርቲያቸውን በ1957ና በ1962 ምርጫዎች ካሸነፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1963፣ በማኅተማ ጋንዲ የልደት ቀን፣ በገዛ ፈቃዳቸው ወረዱ። አንጋፋ መሪዎች ወንበራቸውን ትተው ከሥር ፓርቲውን እንዲያጠናክሩ ለጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ሐሳብ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው፤ በዚህ «የካማራጅ ዕቅድ» በተባለው አሠራር ስድስት የፌዴራል ሚኒስትሮችና ስድስት የግዛት ዋና ሚኒስትሮች ለቀቁ። የፓርቲው ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ኔህሩ በ1964 ሲሞቱ ላል ባሃዱር ሻስትሪ፣ ሻስትሪ በጃንዋሪ 1966 ታሽከንት ላይ ሲሞቱ ደግሞ ኢንዲራ ጋንዲ እንዲተኩ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በድርድሩ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር መርጠው ሁለቱንም ጊዜ ራሳቸው ወደ ወንበሩ አልቀረቡም። ብዙ ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚለኩት በዚህ ነው፤ ንጉሥ አንጋሽ ይሏቸዋል። እኔ ግን አልስማማም። ኒው ዴልሂ ላይ ያቆሟቸው መሪዎች ያለ እሳቸውም በአንድ መንገድ ይቆሙ ነበር፤ ማዱራይ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት የተሰፈረው ሩዝ ግን ያለ እሳቸው አይሰፈርም ነበር።

ትተውት የሄዱት ግዛት አልጠበቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1965 የሂንዲን ቋንቋ በመቃወም ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፣ ሩዝ ጠፋና ተወደደ፤ ተቃዋሚው፣ በደቡብ ሕንዳውያን ማንነት የተደራጀው የድራቪዳውያን ፓርቲ በአንድ ሩፒ ሦስት መስፈሪያ ሩዝ እሰጣለሁ ብሎ ቀሰቀሰ። በፌብሩዋሪ 1967 በተካሄደው ምርጫ ካማራጅ በትውልድ ከተማቸው በቪሩዱናጋር በአንድ ወጣት የተማሪዎች መሪ በ1,285 ድምፅ ተሸነፉ። የልጆችን ሳህን የሞሉት ሰው ሩዝ በጠፋበት ዓመት ወደቁ። ያ ወር በእኛ የካቲት 1959 ዓ.ም. ነበር። መምህራችን ክፍል ገብተው ጠመኔ አንሥተው ለረጅም ጊዜ ሰሌዳው ፊት ቆሙ፤ ከዚያ ዜናውን በአጭሩ ነግረውን፣ «ምሳው ይቀር ይሆን?» ብሎ የጠየቃቸውን ልጅ «አላውቅም» ብለው ወደ አልጀብራ ገቡ።

ምሳው አልቀረም። ይህንን መምህራችን በሕይወት ቆይተው ሰምተውት ከሆነ ደስታቸውን መገመት አይከብደኝም። ያሸነፈው የድራቪዳውያኑ ፓርቲ መሪ የአናዱራይ መንግሥት አላጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1982 የካማራጅ ፓርቲ አባል ያልሆኑት ዋና ሚኒስትር ኤም. ጂ. ራማቻንድራን አስፍተው ለሕፃናት ማቆያ ጭምር አደረሱት፤ በ1989 የድራቪዳውያኑ ፓርቲ እንደገና ሲመረጥ እንቁላል ጨመረበት፤ በ2001 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመላ አገሪቱ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲቀርብ አዘዘ፤ በ2022 ደግሞ የቀድሞዋ የማድራስ ግዛት፣ የዛሬዋ ታሚል ናዱ፣ ቁርስ ጀመረች። እርስ በርስ የማይጨባበጡ ፓርቲዎች በዚህ ሳህን ላይ ሲደርሱ ተራ በተራ ጨመሩበት። ምክንያቱ ሩዙ በበጀት፣ በመዝገብና በየትምህርት ቤቱ ባሉ ሰዎች እጅ እንጂ በካማራጅ ቁልፍ ስላልነበረ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1975 በሰባ ሁለት ዓመታቸው ሲሞቱ ትዳር አልነበራቸውም፣ የራሳቸው ቤትም አልነበራቸውም፤ የቀረላቸው ጥቂት ልብስ፣ ጥቂት መጻሕፍትና ከመቶ ሩፒ ብዙም ያልዘለለ ገንዘብ ነበር ይባላል። የአገሪቱ ከፍተኛ ሽልማት፣ ባራት ራትና፣ በማግስቱ ዓመት ተሰጣቸው።

ወይዘሮዋ ከለቅሶ ስትመለስ ይህን ሁሉ በቡና ላይ አጫወትኋት፤ የካማራጅንም ስም ነገርኋት። ቁልፉን ለረዳቷ በትርፍ እንድታስቀርጽላት፣ የእህሉን መጠንና የሚበሉትን ልጆች ስም በደብተር እንድትጽፍ፣ ከወላጆችም ሁለት ሦስት ሰው ጉዳዩን እንዲያውቅ እንድታደርግ ጠየቅኋት። ደብተሩ አሳሰባት። «ስማቸው ከተጻፈ የማይከፍሉት ይታወቁ የለም ወይ? ካርዱን ያቃጠልሁት ለምን ሆነና?» አለችኝ። ትክክል ነበረች፤ እኔ ያላሰብሁትን አስባለች። ተነጋግረን የመጣንበት መላ ሁሉም ልጅ በስሙ ብቻ እንዲመዘገብ፣ የክፍያው ሒሳብ ደግሞ በሌላ ደብተር፣ ስም ሳይጠቀስ በድምር ብቻ እንዲያዝ ነው። ቁልፉን በተመለከተ «እስቲ እናያለን» ብላ ዝም አለች። በልቤ «ፓርካላም» አልሁ፤ ካማራጅ ያንን ቃል ሲሉ ነገሩን በእርግጥ ያዩት ነበርና ተስፋ አልቆረጥሁም።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ወይዘሮዋ በጉንፋን ሦስት ቀን ተኛች። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ልቤ እየፈራ ሄድሁ። በሩ ተከፍቶ ነበር። ረዳቷ ክኩን ትንሽ ጨው አብዝታበታለች፣ እንጀራው ግን ሞቅ ያለ ነው፣ ደብተሩም መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ከአልብኮ የመጣው ልጅ ሁለተኛ ጭማሪ ሲጠይቅ ሰማሁት። ገና የሚቀረው የወላጆቹ ጉዳይ ነው፤ የቁናው እህልና የነጋዴዎቹ ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ እስካሁን ከወይዘሮዋ በቀር የሚያውቅ የለም። ክረምቱ ሳይገባ ሦስት ወላጆች ቢሰየሙ እኔ ሒሳቡን በነጻ ልይዝላቸው ፈቃደኛ ነኝ።

ልጃቸውን ለማስመዝገብ ለሚፈልጉ፣ ምዝገባ ወር በገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከአራት ሰዓት በፊት ነው፤ ወላጅ ካልቻለ ተማሪው ራሱ መጥቶ መመዝገብ ይችላል። ክፍያ በሁለት ጊዜ መክፈል ይፈቀዳል። መክፈል የማይችል ልጅ ያላቸው ከምሳ ሰዓት ውጭ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ወይዘሮዋን ለብቻዋ ያነጋግሯት። ቁናው ላይ እፍኝ ለመጨመር ደግሞ ምዝገባ አያስፈልግም፤ በሩ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። እኔ የሚያዝያውን ከፍያለሁ።